የአባቴ መቃኛ ሹካ

የአባቴን ሹካ የሰበርኩት በዘጠኝ ዓመቴ ነው። እስከ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ድረስ ስለ ራሴ በእርግጠኝነት ከማውቃቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ይህ ነበር። ስሜን አውቃለሁ፣ የተወለድኩበትን ቀን አውቃለሁ፣ ሹካውን መስበሬን አውቃለሁ።

የምግብ ሹካ አይደለም። ሁለት ጣት ብቻ ያለው፣ ከመዳፌ ትንሽ የሚረዝም፣ ደንዳና ብረት ነው። ጉልበት ላይ መታ አድርገው እግሩን ጆሮ ሥር ሲያስጠጉት አንድ ድምፅ ብቻ ይሰጣል፤ ላ። ሌላ ሙያ የለውም። ኦርኬስትራ ውስጥ ያለ መሣሪያ ሁሉ የሚቃኘው ግን በዚያች በላ ነው። አባቴ ከአስተማሪው የተቀበለው ሲሆን በቫዮሊኑ ሳጥን ውስጥ፣ ከደጋኑ ሙጫ አጠገብ፣ በጥቁር ጨርቅ ተጠቅልሎ ይተኛል። እኔ ሳጥኑን እስከ በር ድረስ መሸከም ተፈቅዶልኛል። ሹካውን መንካት ግን የማይታሰብ ነው።

አባቴ የከተማችን ኦርኬስትራ መሪ ቫዮሊን ነበር። አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ነበሩ፤ ድሮ የጥጥ መጋዘን በነበረ፣ ዝናብ ሲመጣ የቆርቆሮው ጩኸት ልምምድ በሚያስቆም አዳራሽ ውስጥ ይጫወታሉ። እንደ ትልልቆቹ ኦርኬስትራዎች ፊት ለፊት ቆሞ ዱላ የሚያወናጭፍ መሪ የላቸውም። አባቴ በአፍንጫው አየር ሳብ ያደርጋል፣ የቀሩት አብረውት ይስባሉ፣ ከዚያ ሙዚቃው ይጀምራል። እናቴ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ከቫዮሊን ትንሽ የምትተልቀውን ቪዮላ ትጫወት ነበር። ኦርኬስትራውን ከምንም ያቋቋመው እሱ ነው፤ ግማሾቹን ቫዮሊን አያያዝ ያስተማራቸውም እሱ ነው። ስለዚህ ሁሉም «መምህር» ይሉታል፤ እናቴ እንኳ ስትቆጣው «መምህር» ነበር የምትለው።

ልምምድ ሳይጀመር ላ የምትሰጠው ኦቦ የሚባለውን የእንጨት ዋሽንት የምትነፋው ሴትዮ ናት። የኦቦ ድምፅ ቀጥ ያለ ስለሆነ ሁሉም በእሱ ይቃኛል። አፏ ውስጥ የምትከታት ቀጭን ሸምበቆ ስለነበረች እኔ እትዬ ሸምበቆ እላት ነበር፤ እሷም ወዳዋለች። እትዬ ሸምበቆ ላ ትሰጣለች፤ አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል፤ ከዚያ ሌባ ጣቱን ወደ ላይ ቀስ አድርጎ ያነሳል።

«ትንሽ ከፍ።»

ከፍ ታደርጋለች።

«ትንሽ። ትንሽ ... እዚያ ላይ! እሷ ናት።»

«መምህር፣ ለምን በሹካው አናየውም?» አለው አንድ ጊዜ ጡሩምባ ነፊው።

«ሹካ የሚያስፈልገው ይህ ለጎደለው ነው» አለና ግንባሩን በጣቱ መታ መታ አደረገ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ኩራቴ ልክ አልነበረውም። አባቴ አውቶቡስ ጡሩምባ ሲነፋ የትኛው ኖታ እንደሆነ የሚናገር ሰው ነው። በር ሲጥ ሲል ይናገራል። እናቴ ስታስነጥስ ይናገራል። በወጣትነቱ ይህን ስጦታውን ለመፈተን ከሌላ ከተማ ድረስ መጥተው፣ ሃፍረታቸውን ተከናንበው የተመለሱ ሰዎች እንደነበሩ እናቴ አጫውታኛለች። እና ጣቱ ሲነሳ አሥራ ስምንት ትልልቅ ሰው መሣሪያውን ሲቃኝ ማየት፣ የአባቴ ጣት ከዓለም ጣቶች ሁሉ በላይ እንደሆነ ያሳምናል።

ሹካውን የጣልኩት አንድ ማክሰኞ ነው። አባቴ ከልምምድ ተመልሶ እጁን እየታጠበ ነበር። ቫዮሊኑን አልጋው ላይ አስተኝቶታል፤ ሳጥኑ ተከፍቷል። ሹካውን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጆሮዬ ሥር፣ ለደቂቃ ያህል ልሰማው ፈለግሁ። ጨርቁን ስፈታ ከጣቴ ሾልኮ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ሲወድቅ እንደ ብረት አልተንኳኳም፤ ረጅም ድምፅ አውጥቶ ዘመረ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ አባቴ ከመታጠቢያ ቤት።

«ማንኪያ ነው!» አልኩ። ከዚያ በላይ የሚረባ ውሸት አልመጣልኝም።

ሹካውን አንስቼ ጉልበቴ ላይ መታሁትና ጆሮዬ ሥር ያዝኩት። በሌላው እጄ የቫዮሊኑን የላ ክር ነካሁት። ገና ከልምምድ የመጣ፣ በአባቴ ጣት የተቃኘ ክር ነው። ሁለቱ አልተስማሙም። ሹካው ዝቅ ብሏል። ድምፆቹ ጆሮዬ ውስጥ ተያይዘው ዋ-ዋ-ዋ እያሉ ተንቀጠቀጡ። ደግሜ መታሁት፤ ያው ነው። ክው አልኩ። አባቴ ትንሽ ቫዮሊን ገዝቶልኝ ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ያስተምረኝ ነበር፤ «ጆሮሽ የኔ ነው» ይለኛል፤ ስለዚህ ጆሮዬን አልጠረጠርኩትም። የአባቴን ክርማ ማን ይጠረጥራል? ሰብሬዋለሁ ማለት ነው።

ሹካውን በማላደርገው ካልሲ ውስጥ ከትቼ ከፍራሼ ሥር ደበቅሁት። ጥቁሩን ጨርቅ ባዶውን ጠቅልዬ ወደ ቦታው መለስኩ።

ከዚያ በኋላ ነገር ሁሉ መበጠስ ጀመረ። ያኔ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። አንድ ጠዋት ልምምድ ላይ የአንዱ ቫዮሊን ቀጭን ክር ጧ ብሎ ተበጥሶ የሰውየውን ጉንጭ ገረፈው፤ በሚቀጥለው ሳምንት የሌላኛው። የቼሎው ሰውዬ በጉልበቶቹ መሃል የሚያቆመውን ትልቅ መሣሪያ እንደታመመ ልጅ እያሻሸ «እንጨቱ ጮኸብኝ» ይል ነበር። ከዚያ ጡሩምባ ነፊው ቱግ አለ።

«መምህር፣ ከዚህ በላይ ከፍ በል ካሉኝ ቧንቧውን በመጋዝ ላሳጥረው?»

«ጆሮ ለሌለው ሰው መጋዝ ምን ያደርግለታል?» አለው አባቴ።

ሰውዬው ጡሩምባውን ሳጥኑ ውስጥ ከተተ፤ ኮፍያውን አደረገ፤ በመካከላቸው አልፎ ወጣ። ማንም ቀና ብሎ አላየውም። እናቴ የቪዮላዋን ክር በአውራ ጣቷ ትጠርግ ነበር፤ ደግማ ደጋግማ፣ አንድ ቦታ ላይ። አሥራ ስምንት ቀሩ። ያ ሁሉ በእኔ ምክንያት እንደሆነ አልተጠራጠርኩም፤ የድምፆች ሁሉ እናት ተሰብራ ካልሲ ውስጥ ተኝታ ሙዚቃ እንዴት ደህና ይሆናል?

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አባቴ በሌለበት፣ እትዬ ሸምበቆ ቤታችን መጣች። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ ዘርግታ ሸምበቆዋን በትንሽ ቢላ ትፍቅ ጀመር። እኔ ከጠረጴዛው ጫፍ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ።

«ከዚህ በላይ ማሳጠር አልችልም» አለች። «ይኸው እይው፣ ጥፍር አክሏል። አንድ ቀን አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት እንደ ዳክዬ እጮሃለሁ።»

«ትንሽ ቻይው» አለች እናቴ።

«ስምንት ወር ቻልኩት እኮ! እሺ እኔስ ቻልኩ፣ ለዝግጅቱ ፒያኖው ሲመጣ ምን ልንሆን ነው? ፒያኖ እንደኛ ይሉኝታ የለው።»

«ኧረ ቀስ በይ፣ ልጅቷ።»

«እሷማ ምን ታውቃለች።»

እኔ የማካፈል ሒሳብ እየሠራሁ ነበር። እርሳሴ ወረቀቱን በሳው። ያወቁ መሰለኝ፤ አንድ ነገር እንደተበላሸ ደርሰውበታል፣ ማን እንዳበላሸው ብቻ ነው የቀራቸው። ፒያኖው ሲመጣ ደግሞ ጉዱ ይወጣል።

እሷ ስምንት ወር ስትል ሹካው ከወደቀ ገና አምስት ሳምንቱ እንደነበር በዚያን ጊዜ ብቆጥር ኖሮ፣ ሌላ ሰው እሆን ነበር። ልጅ ግን ጥፋቱን እንጂ ቀኑን አይቆጥርም።

ዛሬ የማውቀው ይህን ነው። የአባቴ ጆሮ ከዳው። ሙሉ በሙሉ አልደነቆረም፤ ከዚያ የከፋ ነው፤ ድምፅን ከነበረበት ዝቅ አድርጎ ያሰማው ጀመር። ትክክለኛዋ ላ ለእሱ ዝቅ ያለች እየመሰለችው ወደ ላይ ይጎትታታል። የመጀመሪያው ቀን እትዬ ሸምበቆ «ዛሬ ከፍቶታል፣ ልታገሠው» ብላ በፀጉር ያህል ከፍ አደረገችለት። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ፀጉር። ሌሎቹም ተከተሏት። አሥራ ስምንት ባለሙያ እያወቀ፣ አንድ ሰው ሳይነግረው፣ አብሮ ተያይዞ ወደ ላይ ወጣ። ማን ይንገረው? እጃቸውን ይዞ ያስተማራቸው እሱ ነው። ሁሉም «ሌላው ይንገረው» ብሎ ጠበቀ። እናቴ ደግሞ ጆሮውን ያጣ ዕለት ነፍሱም አብራ እንደምትወጣ ታምን ነበር፤ አንዲት እውነተኛ ላ ጆሮው እንዳትገባ ነበር ቀንና ሌሊት ዘብ የቆመችው።

ሹካውን ያገኘችው አንሶላ ስትቀይር ነው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አየኋት። ካልሲውን ገለበጠችው፤ ሹካው መዳፏ ላይ ወደቀ። ጉልበቷ ላይ መታችው፣ ጆሮዋ ሥር ያዘችው፣ ዓይኗን ጨፈነች። ድምፁ እስኪያልቅ ጠበቀች። ከዚያ አልጋዬ ላይ ቁጭ አለችና ፊቷን በአንሶላው ሸፈነች።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ ...» አልኩ።

ደንግጣ ተነሳች። ታላቅ ዱላ ጠብቄ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሷ ግን ተንበርክካ ሁለት ትከሻዬን ያዘችኝ። ጣቶቿ አመሙኝ።

«አባትሽ ከጠየቀሽ አላየሁም በይ። ሰማሽኝ? በሕይወትሽ አላየሽውም።»

«ግን እኔ ነኝ ...»

«አንቺ ምንም አላደረግሽም። ዝም በይ አልኩሽ!»

ሹካውን ወስዳ በቪዮላዋ ሳጥን ውስጥ፣ ከቀዩ ጨርቅ በታች ስትሸጉጠው አየሁ። እናቴን በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ወድጃት አላውቅም። ጥፋቴን ከአባቴ ደበቀችልኝ ብዬ ነው። ሌሊቱን በደስታ አልቅሼ አደርኩ።

ፒያኖው መጣ። ከዋናው ከተማ ለአንድ ዝግጅት የምትመጣ እንግዳ ፒያኒስት ነበረች። ቅዳሜ ጠዋት ልምምድ፣ እሑድ ከሰዓት ትርኢት። ዓርብ ዕለት ከትምህርት ቤት ስወጣ እናቴ ወደ አዳራሹ ይዛኝ ሄደች። ፒያኖ ቃኚው ሽማግሌ ጃኬታቸውን አውልቀው ግማሽ ሰውነታቸው ፒያኖው ውስጥ ገብቷል። እናቴና እትዬ ሸምበቆ ግራና ቀኝ ቆሙባቸው።

«ጋሼ፣ ትንሽ ከፍ ቢያደርጉትስ?» አለች እናቴ። «እኛ ወዳለንበት።»

ሽማግሌው ቀና ብለው ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት።

«ወዳላችሁበትማ ብጎትተው ክሩ እየተበጠሰ ፊቴን ይበላኛል። ባይበጠስስ? ነገ እንግዳዋ ጣቷን ስታሳርፍበት ምን ሆኗል ትለኛለች። ምን ልበላት የኔ ልጅ? ባልሽ ታሟል ልበላት?»

«ኧረ ቀስ ይበሉ!»

ታሟል የሚለው ቃል እንደ ቀዝቃዛ ውሃ ወረደብኝ። አባዬ ታሟል። ሹካው ስለተሰበረ ታመመ።

ሽማግሌው ከቦርሳቸው የራሳቸውን ሹካ አውጥተው መቱና እግሩን ፒያኖው እንጨት ላይ አቆሙት፤ ድምፁ አዳራሹን ሞላው። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። የኔ ሹካ ድምፅ ነው! ያው ዝቅ ያለው፣ ያው የተሰበረው።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «የርስዎም ወድቆብዎት ነበር?»

«ስንት ጊዜ!» ብለው ሳቁ። «አርባ ዓመት ሙሉ ከደረጃ ሲወድቅ፣ ከመኪና ሲወድቅ ኖሯል።»

በቃ፣ ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። የሳቸውም ተሰብሯል፣ ግን አላወቁም። በተሰበረ ሹካ ፒያኖውን እየቃኙት ነው፤ ነገ ጉድ ሊፈላ ነው። ልነግራቸው ፈለግሁ፤ ግን እናቴ ዝም በይ ብላኛለች።

ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም ተቀመጡ። ፒያኒስቷ ወጣት ናት፤ ፀጉሯን ጠቅልላ በእርሳስ ሰክታዋለች፤ ለሁሉም እየዞረች እጅ ነሳች። አባቴ ጣቱን አነሳ፣ እትዬ ሸምበቆ ላዋን ሰጠች፣ ሁሉም ተቃኙ። አባቴ አየር ሳበ። ጀመሩ። ፒያኖው ሲገባ ጥርሴን አፋጨኝ። ሁለቱም የሚያምር ነገር ይጫወታሉ፤ አብረው ግን እንደተጣላ ባልና ሚስት ነበሩ።

አባቴ ደጋኑን አወረደ።

«ፒያኖው ወድቋል» አለ። «ማነው የቃኘው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ሽማግሌው ከጥግ ተነስተው። «ፒያኖው ደህና ነው።»

«ይቅርታ መምህር» አለች ፒያኒስቷ ቀስ ብላ፣ «ፒያኖው ልክ ነው። ከፍ ያላችሁት እናንተ ናችሁ።»

አባቴ ሳቀ። ከልቡ ነበር የሳቀው፤ ሳስታውሰው አንጀቴን የሚበላኝ እሱ ነው። ወደ ሰዎቹ ዞረ።

«ከፍ ብለናል?»

የቼሎው ሰውዬ ጫማውን አየ። «እኔ እንጃ መምህር።»

«አንተስ?»

«ልክ ነን መምህር።»

«አንቺስ?» አላት እትዬ ሸምበቆን። እሷ ሸምበቆዋን ከአፏ አውጥታ በቀሚሷ ትጠርግ ጀመር። በመጨረሻ አባቴ እናቴን አያት።

«ልክ ነህ» አለች እናቴ፣ ለቪዮላዋ።

«ሰሙ?» አለ አባቴ ለእንግዳዋ። «አሥራ ሰባት ጆሮ ነው የሚመሰክረው። ይሁን፣ በሹካዬ እንየው። ያስተማሪዬ ሹካ ነው፣ አይዋሽም።»

ጎንበስ ብሎ ሳጥኑን ከፈተ። ጥቁሩን ጨርቅ ፈታ። ባዶ።

«ጠፍቷል፣ ነግሬህ አልነበር?» አለች እናቴ፤ ድምፅዋ የሷ አይመስልም።

«መቼ ነገርሽኝ? ሌባ ሳጥኔን ከፍቶ፣ ቫዮሊኑን ትቶ ሹካዬን ሰርቆ ይሄዳል?» ዓይኑ አዳራሹን ዞሮ ሽማግሌው ላይ አረፈ። «ይህን ብረት የሚፈልግ አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው። ትናንት ሙሉ ቀን እዚህ የዋሉት እርስዎ ነዎት።»

ሽማግሌው ጃኬታቸውን ለበሱ። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፉ። በአርባ ዓመት ሥራቸው ማንም ሌባ ብሏቸው እንደማያውቅ ፊታቸው ይናገራል። እኔ ከዚህ በላይ አልቻልኩም። ከወንበሬ ተነስቼ ወደ እናቴ ሳጥን ሮጥኩ። እናቴ «ተይ!» ብላ ስትጮህ ሰምቻለሁ፤ ቪዮላዋ ከጭኗ ሲንሸራተትም አይቻለሁ። ቀዩን ጨርቅ ገልጬ ሹካውን አወጣሁና ለአባቴ ሰጠሁት።

«እኔ ነኝ የጣልኩት» አልኩ። «ሰብሬዋለሁ። እሳቸው አልሰረቁም። አባዬ፣ እኔ ነኝ።»

አባቴ ሹካውን ጉልበቱ ላይ መታና ጆሮው ሥር ያዘው። ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ በሌላ እጁ ክሩን ነካ። ደግሞ ሹካውን። ደግሞ ክሩን። እጁን ወደ ሽማግሌው ዘረጋ፤ ሽማግሌው ገባቸውና የራሳቸውን ሹካ ሰጡት። ሁለቱን አንድ ላይ ያዛቸው። ከዚያ ቀና ብሎ ሰዎቹን አንድ በአንድ አያቸው፤ የቼሎውን ሰውዬ፣ እትዬ ሸምበቆን፣ እናቴን። ፊቱ በስህተት የሰው ቤት ገብቶ የቆመ ሰው ፊት ሆነ። አንድም ሰው ዓይኑን አልመለሰለትም።

«ምን ሆነ?» አለች ፒያኒስቷ።

የአባቴ እጅ ራሴ ላይ አረፈ። ከብዶኝ ነበር።

«ልጄ ሹካዬን ጥላ ሰብራዋለች» አለ። «ሳናውቅ በተበላሸ ሹካ እየተቃኘን ነው የከረምነው። ይቅርታ ያድርጉልን።»

አሥራ ሰባት ሰዎች ሰሙ። አሥራ ሰባቱም ኦርኬስትራው በሹካ ተቃኝቶ እንደማያውቅ ያውቃሉ፤ ሹካው ምንም እንዳልሆነም ያውቃሉ። ወድቆ የማይበላሽ ነገር ቢኖር እሱ ነው። አንድም ሰው አፉን አልከፈተም። እንዲያውም ትንፋሻቸውን ሲለቁ ተሰማኝ፤ ከስምንት ወር በኋላ መውጫ በር ተገኝቷል፣ እንዴት ደስ አይላቸው! «ልጅ አይደለች» አለ የቼሎው ሰውዬ ቸኩሎ፤ ሌሎቹም «ምን ታድርግ»፣ «ያጋጥማል» አሉ። ፒያኒስቷ ፈገግ ብላ «እኔም ስንት ነገር ሰብሬያለሁ» አለችኝ። እናቴ ቪዮላዋን ከወለሉ አንስታ ክሩን ወደ ታች ማላላት ጀመረች። ሽማግሌው ብቻ በር ላይ ቆመው ትንሽ አዩኝ። ከዚያ እሳቸውም ሄዱ።

ሁሉም ወደ ፒያኖው ላ ወረዱ። እሑድ ከሰዓት አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። የፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ አባቴን ስመለከት ደጋኑ ሲሄድና ሲመጣ አየሁ፤ በሰዓቱ አየር ይስባል፣ በሰዓቱ ያስጀምራል። ደጋኑ ግን ክሩን አልነካም። በወረቀት ውፍረት ያህል ከፍ ብሎ ባዶ አየር ላይ ይመላለሳል። አንድ ሰዓት ሙሉ አንድም ድምፅ አላወጣም። ሕዝቡ ተነስቶ አጨበጨበ። እኔ የተቀጣሁ ነው የመሰለኝ፤ ሹካውን ስለሰበርኩበት አኩርፎ ነው የማይጫወተው ብዬ። ሰኞ ዕለት ትከሻዬን አሞኛል ብሎ ቦታውን ለቀቀ። ቫዮሊኑን ዳግመኛ ሲይዝ አላየሁትም። እኔም ትንሿን ቫዮሊኔን ቁምሳጥን ላይ ሰቀልኳት፤ የነካሁትን የምሰብር ልጅ ነኝ። ለምን ተውሽው ብሎ የጠየቀኝ የለም። ያን ጊዜ ገርሞኝ ነበር። አሁን አይገርመኝም፤ ቤታችን ውስጥ ከዚያ ወዲያ ጆሮ ያለው ሰው አልተፈለገም።

በሠላሳ አንድ ዓመቴ፣ እናቴ ቤት አብረን ዕቃ ስናጥብ አንድ ብርጭቆ ከእጄ አመለጠኝ። «ያው እኔ ነኝ» አልኩ እየሳቅሁ፣ «የአባዬን ሹካ የሰበርኩ ዕለት የጀመረኝ ነው።»

«የቱን ሹካ?» አለች እናቴ።

ዞሬ አየኋት። አታስመስልም። ረስታዋለች። አስታወስኳት፤ አዳራሹን፣ ፒያኒስቷን፣ ሽማግሌውን። ሳስታውሳት ፊቷ ቀስ እያለ ተለወጠ።

«እሱ እኮ ... አልተሰበረም ነበር» አለች። ከዚያም ሁሉንም ነገረችኝ፤ ከላይ የነገርኳችሁን።

«አባዬ ያውቅ ነበር?» አልኳት።

«እዚያው ነው ያወቀው። እጁን ራስሽ ላይ ሳያሳርፍ በፊት።»

«አንቺስ? ሁላችሁስ? ለምን አልነገራችሁኝም?»

ውሃውን ዘጋች። እጇን ስታደርቅ ቆየች።

«ልጅ ይረሳል ብለን ነው» አለች።

ተናድጄ ነበር፤ እስከ ዛሬም ይቆጠቁጠኛል። እሷ ግን አርጅታለች፤ ምን ልበላት? ስብርባሪውን ጠርጌ ጣልኩና ወጣሁ። አንድ ነገር ግን አልነገርኳትም። የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

አባቴ የሞተው ሃያ ሁለት ዓመቴ ላይ ነው። አንድ ጠዋት ሆስፒታል ብቻችንን ነበርን፤ በአጠገቡ ሌሎች ሦስት በሽተኞች ተኝተዋል። ጆሮው በዚያን ጊዜ ጨርሶ ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶት ነበር። አፌን ደህና ወደሚባለው ጆሮው አስጠግቼ ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ያረገዝኩትን ነገርኩት። አልሰማኝም። ደገምኩለት። «ምን አልሽኝ?» አለ። በመጨረሻ ጮህኩ፤ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞረ።

«አባዬ! ስለ ሹካው ይቅር በለኝ!»

ሰማኝ። ዓይኑ ፊቴ ላይ ቆየ። አፉን ከፈተ፣ ዘጋው፤ ደግሞ ከፈተ። እንባው በጆሮው በኩል ትራሱ ላይ ወረደ።

«ይቅር ብዬሻለሁ፣ ልጄ» አለኝ።

እጁን ሳምኩት፤ እፎይ ብዬም ወጣሁ።